አንድ ገንቦ ማር እስከ ዳንግላ

ዘውድነሽ መጀመሪያ የሞተችው ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። የምትሸጣቸውን የቀርከሃ ወንበሮች ከዝናቡ ሸሽጋ ወደ ቤት አስገብታ፣ በልጇ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠች ገና ሩብ ሰዓት አልሞላትም ነበር።

ያነበበችውን ማመን አቃታት። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሌ-ባ-ው ከ-ኋ-ላ-ሽ ወ-ጋ-ሽ። ሞ-ተ-ሻል።»

እጇን እሳት እንደነካው ሰብሰብ አደረገችና «በስመ አብ!» አለች። ቀጥሎ ያለችውን ያለችው በአውንጊ ነበር፤ ስትደነግጥ ያደገችበት ቋንቋ ይቀድማታል። ሳታስበው ጀርባዋን ዳበሰች።

ልጇ ሀይማኖት አጠገቧ ቆማለች። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ጨዋታውን የሠራችው ይኸነው ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር ነው፤ ስሙንም «መንገደኛ» ብለውታል። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ይሠራል። ተጫዋቹ «ሂድ» ብሎ ይጽፋል፣ ማሽኑ የደረሰበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግረዋል፤ «እይ» ይላል፣ ያለውን ይዘረዝርለታል። ብዙ ሰው በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ሆኖ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። አዲስ ገቢ የሚሰጠው ሥራ አንድ ነው፦ አንድ ገንቦ ማር ከጥሊሊ ተሸክሞ፣ በእንጅባራ አልፎ፣ ዳንግላ ገበያ ማስረከብ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል የቆጠርኩት መሞቴን ላነብ ነው?» አለች ዘውድነሽ።

«አይዞሽ እማዬ፣ ትነሻለሽ። ይኸው ጥሊሊ በር ላይ ተመልሰሻል።»

«ማን ነው የወጋኝ?»

«ይኸነው ነው። ሌባ ሆኖ የሚጫወተው እሱ ነው።»

«ያ ወንበር ያሸከምኩት ልጅ? ‹እትየ› እያለ እንጀራዬን የበላው?»

ሀይማኖት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገሩን ታስረዳት ጀመር። «ሌባ ጉልበት የለውም፣ እማዬ። ሸሚዙ ስስ ነው፤ ነፍሱ በነጥብ ሃያ ብቻ ናት፣ ያንቺ ስልሳ ናት። ፊት ለፊት ከገጠመሽ በዱላሽ ታስተኝዋለሽ። ያለችው ዘዴ አንዲት ናት። መጀመሪያ ይደበቃል፤ ዐይን ካላየው ብቻ ነው መደበቅ የሚችለው። ከዚያ ጀርባሽን እስክትሰጪው ይጠብቃል። በአጭር ጩቤ አንድ ጊዜ ይወጋል፤ ያቺ ምት አምስት እጥፍ ትሆናለች። ከሳተ ግን አለቀለት፣ ታይቷል።»

«አምስት እጥፍ?»

«አምስት እጥፍ።»

«ይህን ክፋት ማን አሰበው?»

ሀይማኖት ቀስ ብላ፣ «የሌባውን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

ዘውድነሽ ክው አለች። ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ ዶሮ ሲታረድ ከቤት የምትወጪ ልጅ፤ የሰው ጀርባ ሲሆን በአምስት ታባዣለሽ?»

«ጨዋታ ነው፣ እማዬ።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?»

እውነትም የልጅቷ ዐይን እንባ አቅርሯል። ለካ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሥራቸውን የሚመራው መምህር ዓባይነህ ባለፈው ሳምንት ገምግሞት ነበር። ‹ሌባችሁ አዲስ ገቢውን ሁሉ ይፈጃል፤ ማንም ዳንግላ አልደረሰም። ይህ ጨዋታ ሳይሆን ቄራ ነው› አለ። ከዚያም ፈተናውን ቆረጠ፦ ሐሙስ በገምጋሚዎች ፊት፣ ፊደል በቅርቡ የለየ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማሩን ዳንግላ ካስረከበ ሥራው ያልፋል። ካላስረከበ ሁለቱም በዚህ ዓመት አይመረቁም። ሌባውም ከልቡ ይጫወት፤ አዝኖ ቢምረው ማሽኑ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚመዘግብ ይታወቃል፣ ያኔም ወድቀዋል።

ፊደል በቅርቡ የለየው ሰው ማን እንደሆነ ዘውድነሽ ሳይነገራት ገባት። ቅዳሜና እሑድ በጎልማሶች ትምህርት ሰሌዳ ፊት ስትጠራ እንኳ ከሰው ጀርባ ትሸሸጋለች። «ሌላ ሰው አጣሽ?» አለች።

«አንቺን ነው የማምነው።»

እስከ ረቡዕ ድረስ አራት ጊዜ ደግማ ሞተች። አንዴ ወንዝ ዳር ውሃ ስትጠጣ፤ አንዴ የገንቦውን ማሰሪያ ስታጠብቅ። ሁለት ጊዜ ደግሞ የተገደለችው መንገድ ላይ ላገኘቻቸው ተጫዋቾች ሰላምታ ስትጽፍ ነው። «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ ልጁ ደኅና ነው?» ብላ ፊደል እየለቀመች ስትጽፍ፣ እነሱ አንድም ሳይመልሱ አልፈው ይሄዳሉ፤ ሌባው ከኋላዋ ይደርሳል። በየጊዜው ደነገጠች። አልለመዳትም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ» አለች ለስሜነሽ፣ አብራት ለምትማረው ጎረቤቷ። «እኔ ግን መንገደኛውን ሁሉ ጠርጥሬ እንዴት እዘልቀዋለሁ?»

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሃያ ያህል ተማሪ ተቀምጧል፤ ሁሉም ጨዋታው ውስጥ ገብተዋል። ሦስት ገምጋሚዎች ከፊት አሉ። ግድግዳው ላይ መንገዱና ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚጻጻፉት ሁሉ የሚታይበት ትልቅ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ዘውድነሽ ግን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እንድትቀመጥ ተደርጓል፣ ከኮምፒውተሯ በቀር ሌላ እንዳታይ። ይኸነው በአዳራሹ ሌላኛው ጥግ ነው። ፊቱ ገርጥቷል። ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«እናታችን፣ ዝግጁ ነዎት?» አለ መምህር ዓባይነህ።

«እግዜር ያውቃል፣ መምህር።»

«ሀይማኖት፣ ቃል እንዳትተነፍሺ። ጀምሩ።»

ዘውድነሽ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። እያንዳንዱን ቦታ ከመጀመሪያ ፊደል እስከ አራት ነጥብ ታነባለች፤ ለአንዱ ቦታ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባታል። ጥሊሊን ወጣች። ድልድዩን ተሻገረች። እንጅባራን አለፈች። ሰባተኛው ቦታ ላይ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጫካ ውስጥ ገባች።

«መንገዱ በዛፍ መካከል ያልፋል። መሬቱ ርጥብ ነው። ወፎቹ ዝም ብለዋል።»

ጣቷ ቆመ። ረቡዕ እዚሁ ስታልፍ ወፎቹ ይንጫጩ ነበር፤ ቃሉ ረጅም ስለሆነባት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ያነበበችው ነው። ያደገችው ጫካ ሥር ነው፤ ወፍ ያለ ነገር ዝም አይልም። «ዙር» ብላ ጻፈች።

«ሌባው ይኸነው ሊወጋሽ ሲል ዞርሽ! ጩቤው ሳተሽ።»

አዳራሹ «ውይ!» አለ። አንዱ ገምጋሚ ብድግ ብሎ ተነሣ። ያችን የወፎች መስመር ሀይማኖት ሌባው በተደበቀበት ቦታ ሁሉ እንድትወጣ አድርጋ ጽፋት ነበር፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ተማሪ አስተውሏት አያውቅም። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ።

ዘውድነሽ ይህን አላወቀችም። የምታየው ጩቤ ብቻ ነው። «ምታ» ጻፈች። እንደገና «ምታ»። እንደገና «ምታ»።

«ሌባው ይኸነው ሞተ። የይኸነው ሬሳ እዚህ ወድቋል። ሬሳውን መበርበር ትችያለሽ።»

ጭብጨባ ተነሣ። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ ዞረችና በጥጉ ያለውን ልጅ አየችው።

«ገደልኩህ?» አለች።

«ገደሉኝ፣ እትየ» አለ ይኸነው እየሳቀ። «ኧረ እጅዎን ይባርከው!»

«ዝም በል! ምን ያስቅሃል? ይቅር በለኝ።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ያንኑ መስመር ደግማ አነበበችው። የሆነ ነገር ገባት፤ ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ሀይማኖት ከሩቅ አየች። «መምህር... እኔም ስሞት እንዲህ ወድቄ እቀር ነበር?»

«አዎ እናታችን። ሬሳው አምስት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ አፈር ይሆናል። እርስዎ ወዲያው ጥሊሊ ስለሚነሡ አያዩትም።»

«አምስቱንም ጊዜ?»

«አምስቱንም።»

«ሰው አላየኝም? ያ ሁሉ መንገደኛ?»

ይኸነው ነው የመለሰው። «አይተውዎታል። በርብረውዎታል። ነጠላዎን ምህረቴ ነው የወሰደው። ማሩን... እኔ ነኝ።»

ምህረቴ የተባለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከወንበሩ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።

ዘውድነሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። መወጋቱስ ይሁን፤ ሌባ ነው፣ ሌባ ይወጋል። ግን መንገድ ላይ ተዘርራ፣ የእናት ልጅ ሁሉ ኪሷን እየዳበሰ ሲያልፋት? አምስት ጊዜ? እሷ በምታውቀው አገር ሬሳ አይታለፍም። ጠላት ቢሆን እንኳ ሰው እስኪደርስ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ገበያው ይፈታ፣ ዝናቡ ይምጣ፣ አያልፉትም። እሷ ራሷ ልጅ ሳለች ከዳንግላ ገበያ ስትመለስ ከእናቷ ጋር አንድ የማያውቁት ሰው ሬሳ አጠገብ እስኪመሽ ተቀምጣለች።

ሰዓቱን አየች። አሥራ ሦስት ደቂቃ ይቀራል። አምስት ቦታ፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ፤ አሥር። ይበቃት ነበር። ሬሳው አፈር እስኪሆን ከቆየች ግን አይበቃትም። ይህን ሒሳብ ለማስላት ልጇን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ተቀመጥ» ብላ ጻፈች።

«ከሬሳው አጠገብ ተቀመጥሽ።»

«እማዬ ሂጂ!» ብላ ሀይማኖት ጮኸች። «እማዬ በማርያም፣ ሂጂ! ማሽን ነው!»

«ሀይማኖት! አንድ ቃል ከደገምሽ አቆማለሁ» አለ መምህሩ።

ዘውድነሽ ዞር አላለችም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን ደኅና ነበር። «ልጄ፣ ምርቃትሽን ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን እኔው ገድዬ፣ እኔው ረግጬው ልለፍ? አልችልም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ኮምፒውተሯ ላይ መስመር መጣ። «ምህረቴ ገባ።» ምህረቴ አልበረበረም። «ምህረቴ ሄደ» ከማለት ይልቅ «ምህረቴ ተቀመጠ» የሚል መስመር ወጣ። ዘውድነሽ ቀና ብላ አየችው።

አሥር ደቂቃ ሲቀር ደግሞ አዲስ መስመር ወጣ። «ወፎቹ ዝም ብለዋል።»

አነበበችው፤ ገባት። ይኸነው ጥሊሊ በር ላይ ተነሥቶ፣ ሲሮጥ መጥቶ፣ ጫካው ውስጥ ተደብቋል። እሷ ተቀምጣለች። የተቀመጠ ሰው ሳይነሣ መዞር አይችልም። ግድግዳውን የሚያዩት ተማሪዎች ሁሉ ልጁ ከኋላዋ መቆሙን አዩ። ሀይማኖት ዐይኗን ጨፈነች።

ግን ምት አልመጣም። ይኸነው ጥጉ ላይ ሆኖ ራሱን አከከ። «ጩቤዬ... ጩቤዬ ሬሳዬ ላይ ነው ያለው» አለ በሹክሹክታ። ሌባ ያለ ጩቤ ከኋላ መውጋት አይችልም፤ ጩቤውን ለመውሰድ ደግሞ ከጥላ መውጣት አለበት። ወጣ።

«ይኸነው ከጥላ ወጣ።»

ዘውድነሽ ቀስ ብላ ፊደል ለቀመች። የጻፈችው ግድግዳው ላይ ወጣ፦ «ልጄ መጣህ። ዕቃህን አልነካሁብህም። ውሰድ።»

ከገምጋሚዎቹ አንዷ «ምን ነካት? ጩቤውን ልትሰጠው ነው?» አለች።

«ይኸነው ጩቤውን ወሰደ» የሚል መስመር ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶም «ሬሳው አፈር ሆነ።» ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ዘውድነሽ ተነሣች። ጩቤ የያዘ ሌባ ከፊቷ ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር፤ እሷ ግን እናት ናት፤ ክፉ ልጅ ከዐይን እንደማይለቀቅ ታውቃለች። ሀይማኖት ሰኞ ዕለት መንገዱን ስታለማምዳት ያስተማረቻትን ቃል ጻፈች። «ተከተል ይኸነው።»

ይኸነው «አይ እትየ!» አለ።

«ምን ሆንክ?» አለ መምህር ዓባይነህ።

«ተከተለችኝ። አሁን እኔ በተራመድኩ ቁጥር እሷም በዚያው ቅጽበት ትደርሳለች፤ እያየችኝ መደበቅ አልችልም። ብቆም ወይም ብገጥማት ደግሞ በዱላዋ ትገድለኛለች። ከዐይኗ የምጠፋው ሕዝብ መሐል ብቻ ነው፤ ሕዝብ ያለው ደግሞ ገበያ ነው። ገበያ የሠራነው...» ሳቁ አመለጠው። «ገበያ የሠራነው ዳንግላ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሌባ ምን ያደርጋል?»

«ይሮጣል፣ መምህር።»

ሮጠ። ዘውድነሽ አንድ ቃል ሳትጽፍ ቦታው ከፊቷ ይገለባበጥ ጀመር። ጫካው አለፈ፣ ሜዳው አለፈ፣ ወንዙ አለፈ፤ አንዱን መስመር ጀምራ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። «ኧረ ቀስ በል! ኧረ ልጄ፣ ገንቦው!» ትላለች ወንበሯን ጨብጣ፣ እውነት ጋሪ ላይ የተሳፈረች ይመስል። ተማሪዎቹ ቆመዋል። ሀይማኖት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች።

«ዳንግላ ገበያ ደረስሽ። ሰዉ ይተራመሳል። የማር ነጋዴው እዚህ አለ። ይኸነው ሕዝቡ ውስጥ ጠፋ።»

ዘውድነሽ የመጨረሻዋን መስመር ስታነብ ፊቷ ተለወጠ። ጠፋ። ማለት ከኋላዋ ነው። ብትዞር፣ እንደገና ይጠፋል። ጣቷን አነሣችና «አ» ብላ ጀመረች። «ስ»። ይኸነው ጥጉ ላይ ከንፈሩን ነክሶ ይጽፋል። «ረ»። «ክ» ፍለጋ ዐይኗ ፊደል ላይ ተንከራተተ፤ አገኘቻት። «ብ»። ተጫነች።

ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ማሽኑም ቆመ።

ግድግዳው ላይ የሚታየው መንገዱና የተጫዋቾቹ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ለእሷ የሚመልስላትን መስመር የምታየው እሷ ብቻ ነበረች። መምህር ዓባይነህ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ አጎንብሶ አየና ቀና አለ። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«እናታችን» አለ፣ «ለገምጋሚዎቹ ያንብቡላቸው። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ከላይ ጀምረው።»

ሀይማኖት ወደ ይኸነው አየች። ይኸነው ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም አያውቅም። ሞታ ከሆነ ያስረከበችው፣ አላስረከበችም። አስረክባ ከሆነ የሞተችው፣ አልፈዋል።

ዘውድነሽ ጣቷን መስመሩ ሥር አደረገች። ላብ ግንባሯን አርሶታል። «ማ-ሩ-ን...» አለች። «ለ-ነ-ጋ-ዴ-ው... አ-ስ-ረ-ከ-ብ-ሽ።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሀይማኖት ወንበር ጥላ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ይኸነው ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። ገምጋሚዎቹ እየሳቁ ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ። ዘውድነሽ ግን የልጇን ክንድ ከዐይኗ ላይ ገለል አደረገች፤ አራት ነጥብ ሳታይ ማንበብ አቁማ አታውቅም፤ ገና አልጨረሰችም። ጣቷ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ።

«ሌ-ባ-ው... ከ-ኋ-ላ-ሽ...»

ቆመች። አፏ ተከፈተ። ጠረጴዛ ላይ የሚጨፍረውን ልጅ ቀና ብላ አየችው።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ዕቃህን መልሼልህ! ዳንግላ ድረስ አብረን መጥተን!»